ከምድጃው በፊት ድስቱ

ማለዳ ከዳሞታ ተራራ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርዱትን ሴቶች ፊት ማየት ያስቸግራል። ጭራሮውንና የባሕር ዛፍ ቅጠሉን በጀርባቸው አዝለው፣ አንገታቸውን ደፍተው ስለሚሄዱ ከሩቅ የሚታየው የሚራመድ ክምር ነው። ከተማ ሲደርሱ ሸክሙ ይሸጥና በምትኩ ጨው፣ ዘይት፣ አንዳንዴም የልጅ ደብተር ይዘው ዳገቱን መልሰው ይወጣሉ። ለራሳቸው ቤት የሚያነዱት ከዚህ የተረፈውን ነው፤ የበቆሎ አገዳ፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል፣ ሲቸግርም ኩበት።

በዚያው ከተማ በኩል ሌላ ዓይነት ኃይልም ያልፋል። ወላይታንና ዳውሮን በሚያዋስነው የኦሞ ወንዝ ላይ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት ቆሟል፤ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋዋት ነበር። ሶዶ ላይ የተተከለው የመለወጫ ጣቢያ ደግሞ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ ኬንያ ሱስዋ ድረስ ይልካል። መስመሩ 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ እስከ 2,000 ሜጋዋት መሸከም ይችላል፣ በ2015 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ጀምሯል። ይህን የማነሳው ሽያጩን ለመንቀፍ አይደለም፤ አገር የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል። ግን ናይሮቢ የሚደርሰው ኃይል ዳሞታ ግርጌ ያለ ማጀት ሳይደርስ የሚቆየው የመስመር ርዝመት ችግር ስለሆነ አይደለም። ሽቦ፣ ቆጣሪ፣ ምጣድ፣ የቤት ባለቤትነት፣ የወር ገቢ፣ እነዚህ ሁሉ ከማማው እስከ ምድጃው ባለው አጭር መንገድ ላይ ተደርድረዋል። እነሱ እስኪነሱ ድረስ እሳቱ እንጨት ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚነደውን እንጨት በአግባቡ ማንደድ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ሆነ።

የመሥሪያ ቤቶቻችን ቋንቋ ይህን ሥራ «የኃይል ቁጠባ» ይለዋል። ቃሉ ሁልጊዜ ትንሽ ይቆረቁረኛል። መቆጠብ ካለው ላይ ነው። በቀን አንዴ ድስት ለምትጥድ እናት ቆጥቢ ማለት ምን ማለት ነው? ከአንዱ ግማሹን? ለድሃ ቤት የሚያስፈልገው በያዘው እንጨት ሁለት ጊዜ መጣድ መቻል ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ፕሮግራም ገና ከመነሻው የሚለካውን ይስታል፤ እንዴት እንደሚስት ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። ምክንያቱም በኢትዮጵያ የምድጃ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተዘለለው ይኸው ጥያቄ ነው።

አገራችን በእንጨት ቆጣቢ ምድጃ ስሟን ያስጠራችው በ«ምርጥ» ነው። በ1980ዎቹ ተነድፎ የወጣው ይህ ምድጃ ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ በቅርጽ እየተመታ የሚሠራ፣ ተገጣጥሞ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፍ ነው። ከኋላው ጭሱ የሚወጣበት ቦታ ላይ ትንሽ ድስት ማስቀመጥ ይቻላል። ጉልቻ ላይ በየአቅጣጫው የሚበተነውን ነበልባል ሰብስቦ ምጣዱ ሥር ያቆየዋል። ብልሃቱ ያማረ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ምርጥ የተሠራው ለእንጀራ ነው። ስድሳ ሳንቲ ሜትር ለሚጠጋ ምጣድ፣ ጤፍ አቡክቶ ተከታታይ ሠላሳ እንጀራ ለሚጋግር ቤት። እንጀራ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ቤት ከፍተኛውን ማገዶ የሚበላ ምግብ ስለሆነ፣ ከዚያ መጀመሩ ትክክል ነበር።

አሁን ወደ ወላይታ ገጠር ኑ። እዚህ እሳቱ ላይ ብዙውን ሰዓት የሚቆመው ድስት ነው። ቦይና (ጎደሬ)፣ ስኳር ድንች፣ ድንች፣ ቦዬ ይቀቀላል። በቆሎ ከጎመን ጋር ተድቦልቡሎ ፖሶሴ ይሆናል። ቦሎቄ ለረጅም ሰዓት ይንተከተካል። ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል። እንጀራ ሶዶ ከተማ ውስጥና ገቢ ባለው ቤት የዕለት ምግብ ነው፤ በአነስተኛ መሬት ላይ በሚኖረው ቤተሰብ ዘንድ ግን በየሦስት ቀኑ ሠላሳ እንጀራ የሚጋገርበት ሥርዓት የለም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የገባ ምርጥ ምድጃ ያለ ጥፋቱ ሥራ ፈት ይሆናል። ዶሮ ያድርበታል፣ ወይም እህል ይቀመጥበታል። ከዚያ የክትትል ሠራተኛው መጥቶ «የአመለካከት ችግር አለ» ብሎ ይጽፋል።

የድስት ምድጃ አልተሠራም ማለቴ አይደለም። «ትክክል» የሚባለው ባለ አንድ ድስት ምድጃ አለ፤ እንጀራንም ድስትንም እንዲያገለግል የታሰበው «ጎንዜ»ም አለ፤ ለከሰል ደግሞ ከኬንያው ጂኮ የተቀዳችው «ላቀች» ከተሞች ውስጥ ገብታለች። ችግሩ ምርጫው ብዙ ጊዜ የሚደረገው ከማጀት ርቆ መሆኑ ነው። ለአሥር ሰው ቦይና የሚይዝ ድስት ከባድ ነው፤ ጠባብ ምድጃ ላይ ይንገዳገዳል፤ የፈላ ውሃ ደግሞ ከልጅ ጋር ቀልድ አያውቅም። የማገዶው ዓይነትም ሌላ ጣጣ ነው። የምድጃው አፍ የተለካው በተፈለጠ ደረቅ እንጨት ከሆነ፣ አገዳና ቅጠል ለምታነድ ሴት ከእሳቱ ሥር ለመነሳት ፋታ አይሰጣትም። እየሮጠ የሚያልቅ ማገዶ በየደቂቃው መጉረስ ይፈልጋልና። ልጅ ማዘል፣ ከብት ማጠጣት፣ እንሰት መፋቅ ያለባት ሴት ጉልቻውን የምትመርጠው ባለማወቅ ሳይሆን እጇን ነፃ ስለሚያደርግላት ነው።

ጉልቻና ጭሱ ሌላም ሥራ አላቸው። በወላይታ ባህላዊ ጎጆ ውስጥ እሳት መብራት ነው፣ ማሞቂያ ነው፣ የሣሩን ጣሪያና እንጨቱን ከብል የሚጠብቅ መድኃኒትም ነው። ጭስ ሳንባ እንደሚጎዳ ማንም የሚክደው የለም፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም እናትንና የታዘለውን ልጅ ነው። ግን ጭሱን የሚያስወጣ ፕሮግራም ጣሪያውን ምን ሊጠብቀው ነው ብሎ ካልጠየቀ፣ ባልየው አንድ ቀን የጢስ ማውጫውን ቢደፍነው ሊገረም አይገባም።

ደግሞም ቆጣቢነትን ከውጭ ይዘን የምንሄድ አይምሰለን። ድስቱን በእንሰት ቅጠል ደራርቦ መክደን በወላይታ የቆየ ልማድ ነው። እንፋሎቱ ሳያመልጥ የቀረ ድስት፣ አንዴ ከፈላ በኋላ በትንሽ ፍም ይበስላል። ቦሎቄን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደርም እንዲሁ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ቃጠሎን በግልጽ የሚያሳጥር ብልሃት ነው። እነዚህን ነገሮች በየትኛውም ፕሮግራም የውጤት ሰንጠረዥ ውስጥ አላያቸውም። ሊቆጠሩ፣ አርማ ሊለጠፍባቸው፣ በርክክብ ቀን ፎቶ ሊነሱ ስለማይችሉ ይመስለኛል።

መቁጠር ካልን አይቀር እንቁጠር። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እስከ 9 ሚሊዮን የሚደርሱ ቆጣቢ ምድጃዎችን ለማዳረስ አቅዶ ነበር። የተሰራጨ ምድጃ ማለት የተቃጠለ እንጨት ቀነሰ ማለት እንዳልሆነ ያሳየው ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ጥናት ነው። አበበ በየነን ጨምሮ ኢትዮጵያውያንና የውጭ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በገጠር ኢትዮጵያ ለቤተሰቦች ምርጥ ምድጃን አከፋፍለው፣ ምድጃው መቼ እንደሚሞቅ የሚመዘግብ የኤሌክትሮኒክስ መለኪያ አደረጉበት። ሰው «እጠቀማለሁ» ብሎ ሊዋሽ ይችላል፤ ሙቀት አይዋሽም። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ውጤት አንድ ምድጃ በዓመት በአማካይ 634 ኪሎ ግራም ያህል እንጨት ያድናል። ቀድሞ ይገመት ከነበረው ግማሽ ያህሉ መሆኑ ነው።

ግማሽ ሲባል ያሳንሰው ይመስላል። ወደ ጀርባ እንለውጠው። አንዱን ሸክም 25 ኪሎ ብንለው፣ 634 ኪሎ ማለት በዓመት 25 ሸክም ማለት ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን ከዳሞታ ዳገት ቀረ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሪፖርት ላይ ግን በካርቦን ቶን ተጽፎ ታዩታላችሁ።

ከዚያ ጥናት ውስጥ ሁለት ግኝቶች ወላይታን በቀጥታ ይመለከታሉ። አንደኛው፣ ምድጃውን የወሰዱት ሴቶች እርስ በርስ የሚገናኙበት መንገድ ሲፈጠር የሚድነው እንጨት የመጨመር አዝማሚያ ማሳየቱ ነው። ይህ ለእኛ ምንም አይገርምም። ቡና ላይ «ያንቺ እንዴት ሆነ? የኔ ጭሱን ወደ ፊት ይተፋዋል» «አይ፣ አመዱን ስላልጠረግሽው ነው እኮ እቴ» የሚባባሉ ሁለት ጎረቤታሞች ከሦስት ቀን ሥልጠና ይበልጣሉ። ሁለተኛው ግኝት ግን ብዙ ሰው የሚያምንበትን ይነካል። «በነፃ የተሰጠ ነገር ይናቃል» የሚለው አባባል በልማት መሥሪያ ቤቶች እንደ ሃይማኖት ነው። ጥናቱ ካነጻጸራቸው የገንዘብ አማራጮች ውስጥ ይበልጥ አስተማማኝ ውጤት የታየው ግን በነፃ ሲሰጥ ነበር።

ታዲያ ሁሉም ነገር በነፃ ይሁን? አይደለም። ለዚህ ጥያቄ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ነው፤ ከቁጠባው የሚያተርፈው ማነው?

አምፖሉን እንውሰድ። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽኑ የድሮውን ባለ ክር አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢውን በነፃ ይተካ ነበር። የመጀመሪያው ዙር 350,000 አምፖል ነበር፤ በጠቅላላው ከ5 ሚሊዮን በላይ ተሰራጨ። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳወጡት ግምገማ፣ የመጀመሪያው ዙር በአንድ ደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ በጠቅላላው 13.3 ሜጋዋት ያህል አድኗል። ፕሮግራሙ ድሃን ለይቶ ባይነሳም አብዛኞቹ ተጠቃሚዎች አነስተኛ ፍጆታ ያላቸው ቤቶች ሆነው ተገኙ፤ ከፍጆታቸው አንጻር ሲታይም ቁጠባው ለድሆቹ ይበልጥ ነበር።

አሁን በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ሒሳቡን እንሥራ። 60 ዋት አምፖል በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በ11 ዋት ሲተካ 1.65 ብቻ። ልዩነቱ 7.35 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት በ2011 ዓ.ም. የታሪፍ ማሻሻያ ላይ እንኳ ሳይነካ የቆየው ዋጋ 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ሲባዛ ሁለት ብር! በወር ሁለት ብር ለማዳን በራሱ ገንዘብ ውድ አምፖል የሚገዛ ሰው ቆጣቢ ሳይሆን ሒሳብ የማያውቅ ነው። ያው ቁጠባ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ መብራት በሚያበራበት የምሽት ሰዓት ላይ ስለሚውል፣ ለኃይል አቅራቢው ያልተገነባ ማመንጫ ያህል ዋጋ አለው። ያተረፈው ድርጅቱ ነው፤ ስለዚህ በነፃ መስጠቱ ምጽዋት አልነበረም። የራሱን ዕዳ ነው የከፈለው።

በዚያው ግምገማ ውስጥ ብዙ የተወራለት ሌላ ቁጥር አለ። ፕሮግራሙ ካለቀ በ18 ወር ውስጥ ከመነሻው ቁጠባ 20 በመቶ ያህሉ ጠፋ። መሐንዲሶች ይህን እንደ ሽንፈት ያዩታል፤ ሰው ርካሽ ሲሆንለት አብዝቶ ያበራል ይላሉ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ጄቮንስ በድንጋይ ከሰልና በእንፋሎት ሞተር ላይ ይህንኑ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው። ፕሮግራም የሚለካውን ይስታል ብዬ ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ለሀብታም ቤት ይህ ብክነት ሊሆን ይችላል። አንድ አምፖል ብቻ ለነበረው ቤት ግን ማጀቱ ውስጥ ሁለተኛ መብራት በራ፣ ተማሪው አንድ ሰዓት ጨመረ ማለት ሊሆን ይችላል። በእንጨትም እንዲሁ ነው። ምድጃው ባተረፈው ጭራሮ እናቲቱ ለልጇ መታጠቢያ ውሃ ብታሞቅ የፕሮግራሙ ሒሳብ ቁጠባው «ተበላ» ይላል። እኔ ግን ፕሮግራሙ የሠራው እዚህ ጋ ነው እላለሁ።

ከሰል ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ከዳር በማዳበሪያ ጆንያ የተደረደረውን ከሰል ያውቃል። የከተማ ድሃ ይህንን ከሰል በጆንያ አይገዛም፤ በየቀኑ በቁና፣ በላስቲክ ይገዛዋል፣ በኪሎ ሲሰላ ደግሞ ከባለ ጆንያው የበለጠ ይከፍላል። እዚህ ቁጠባው በቀጥታ ወደ ቤቱ ኪስ ይገባል። ታዲያ ለምን ቆጣቢውን ምድጃ አይገዛም? ሱዛና በርካወርና ጆሹዋ ዲን የተባሉ ተመራማሪዎች ናይሮቢ ላይ በከሰል በሚያበስሉ ቤተሰቦች ዘንድ ይህን ጠየቁ። 40 ዶላር የሚሸጠው ምድጃ የከሰል ወጪን 39 በመቶ ቀንሶ በዓመት 119 ዶላር ያህል ያድናል። ሰዎቹ ለመክፈል የፈቀዱት ግን በአማካይ 12 ዶላር ነበር። ብድር ሲመቻችላቸው ይኸው መጠን እጥፍ ሆነ። ጥቅሙን አልተረዱም የሚለው ስብከት እዚህ ላይ ይወድቃል። የጎደላቸው ዛሬ እጅ ላይ ያለ ገንዘብ ነው።

ወላይታ ለዚህ መልስ የሚሆን የራሷ ሥርዓት አላት። መስከረም ላይ የሚከበረው የዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ ያ ሁሉ ሥጋ በድንገት ከሰማይ አይወርድም። ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ በቡድን ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ይከርማሉ። «ድሃ አርቆ አያቅድም» የሚል የፕሮጀክት ጸሐፊ ይህን ቢያይ ምን እንደሚል አላውቅም። የቅቤው እቁብ ሴቶች እርስ በርስ የሚተማመኑበት፣ መዝጋቢና ሰብሳቢ ያለው፣ ባል እጁን የማያስገባበት ገንዘብ ነው። የምድጃ ክፍያ በዚህ በኩል ቢያልፍ፣ ለአንድ ምድጃ አምስት ፊርማና ሦስት ዋስ ከሚጠይቅ ቢሮ ይሻላል። የጊዜውን ነገር ግን ልብ ይሏል፤ ክፍያውን መሰብሰብ ያለበት በቆሎው ከገባና ቡናው ከተሸጠ በኋላ እንጂ፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት በበልግ ወራት አይደለም።

የቢሮ ነገር ካነሳሁ አንድ ከሩቅ አገር የመጣ ምሳሌ ልጨምር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ የድሆችን ቤት በነፃ እያደሰች ሙቀት እንዳያፈስስ ታደርጋለች። ሚሺጋን ላይ ተመራማሪዎች 30,000 ያህል ቤተሰቦችን ይዘው ከፊሎቹን በስልክ፣ በደብዳቤ፣ በር ድረስ በመሄድ ኑ ተጠቀሙ አሏቸው። ለነፃው እድሳት የበቃው ቁጥር ከ1 በመቶ በታች ከነበረበት ወደ 6 በመቶ ብቻ ከፍ አለ። ነፃ ነው ተብሎም ቅጹ፣ ማስረጃው፣ ቀጠሮው ዋጋ ነበረው። ለኛ ሰው ቀበሌ ሄዶ «ነገ ና» መባል የአንድ ቀን የቀን ሥራ ማጣት ነው። ወላይታ ውስጥ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም በበርካታ ወረዳዎች ይሠራል፤ የድሃው ስም እዚያ በማኅበረሰቡ ፊት ተለይቶ ተመዝግቧል። አዲስ ምዝገባ፣ አዲስ ቅጽ፣ አዲስ ኮሚቴ ለምን? በዚያ መዝገብ ውስጥ ያልገቡት የከተማ ቀን ሠራተኞች ግን አሉ፤ ለእነሱ ሌላ በር ያስፈልጋል።

እነዚህ የከተማ ሰዎች ብዙዎቹ ተከራይ ናቸው። አንድ ግቢ፣ አምስት በር፣ አንድ ቆጣሪ። እያንዳንዱ ቤት 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም፣ ለየብቻው ቢሆን ዝቅተኛው ታሪፍ ውስጥ ይገባ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን 225 ይሆንና ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። ለድሃ ተብሎ የተቀመጠው ዋጋ ቪላ ውስጥ ብቻውን ለሚኖር ሰው ይደርሳል፣ ለአምስቱ ተከራዮች አይደርስም። በዚያ ላይ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስበውን የኤሌክትሪክ ምጣድ አከራዩ «መስመሩን ያቃጥልብኛል» ብሎ ይከለክላል፤ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ደግሞ እውነቱን ነው። ሽቦውን የሚቀይረው አከራዩ፣ ፍጆታውን የሚከፍለው ተከራዩ። ለዚህ ግቢ ከማንኛውም ቆጣቢ ዕቃ በፊት የሚያስፈልገው ለየበሩ ቆጣሪ ነው። ይህ በኃይል ቁጠባ ዕቅድ ውስጥ እንደ ቁጠባ ሥራ ሲጻፍ አይታይም፤ ቢጻፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ከከብት እበት የሚገኘውን ባዮ ጋዝ ደግሞ በአጭሩ ልለፈው። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ደቡብን ጨምሮ በአራት ክልሎች የተጀመረው ብሔራዊ ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያ አቅዶ የገነባው ከ8,000 ብዙም አልበለጠም። ማብላያውን ለመመገብ አራት ያህል ከብትና ቅርብ ውሃ ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ በተቆጠረበት፣ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ350 ሰው በላይ በሚኖርበት ዞን አራት ከብት ያለው ሰው ድሃ አይባልም። ላሟ ራሷ «ኮታ» በሚሉት የመጋራት ልማድ የሁለት ቤት ልትሆን ትችላለች። አንድ ነገር ግን ልጨምር። የወላይታ ገበሬ ቤቱ ዙሪያ ያለውን፣ ፍግ የሚጠግበውን ማሳ «ዳርኮዋ» ይለዋል፤ ራቅ ያለውን ደግሞ «ሾቃ»። እንሰቱ የሚቆመው ዳርኮዋ ላይ ነው። ኩበት የሚያነድ ቤት የሚያነደው የሚቀጥለው ዓመት እንሰቱን ነው። ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ ወደ እንሰቱ ሥር ስለሚመለስ፣ ከብት ላላቸው ቤቶች ባዮ ጋዝ ከእሳቱ ይልቅ በማዳበሪያው ሊወደድ ይችላል። የሚሸጠው ግን በእሳቱ ስም ነው።

ሁምቦን ሳላነሳ ይህን ምዕራፍ ልዘጋው አልችልም። ከሶዶ ብዙም ሳይርቅ፣ ተራቁቶ በነበረ ተራራ ላይ 2,728 ሄክታር መሬት ከከብትና ከመጥረቢያ ተከልሎ ደኑ እንዲያገግም ተደረገ። ችግኝ ከመትከል ይልቅ መሬት ውስጥ በሕይወት ከነበረ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየመረጡና እየገረዙ ማሳደግ ነበር ዘዴው። ወርልድ ቪዥን ከሕዝቡ ጋር ሠራው፣ ሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ባለቤት ሆኑ፣ በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፣ የዓለም ባንክ ፈንድ የካርቦኑን ከፊል ገዛ። ገንዘቡ ለማኅበራቱ ገብቶ ከሠራላቸው ነገሮች መካከል የእህል ወፍጮና መጋዘን ይገኙበታል። ወፍጮ ደግሞ በእጅ ከመፍጨት ወይም ሩቅ ከመሄድ ሴቶችን የሚያሳርፍ ነውና፣ በእኔ አቆጣጠር የኃይል ቁጠባ ነው። ግን ደኑ ሲከለል በመጀመሪያው ዓመት ማን ከፈለ? ሣርና ደረቅ ጭራሮ መሰብሰብ ተፈቅዶ ነበር፤ ይሁንና ከእንጨት ሽያጭ ሌላ ገቢ ያልነበራት ሴት ኪሳራ ከባለ መሬቱ ኪሳራ ጋር አንድ አይደለም። ተራራ ለመከለል የተነሳ ሰው ምድጃውን ከመከለሉ ቢያንስ አንድ ክረምት ቀድሞ ማድረስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ያ ምድጃ ታዲያ ከየት ይምጣ? ሲሚንቶ ከፋብሪካ፣ ቅርጹ ከዋና ከተማ፣ አሠልጣኙ በመኪና። በወላይታ ግን ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ፣ «ጭናሻ» እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ የተገለሉ ቤተሰቦች አሉ። ምጣዱና ድስቱ ከእጃቸው ይወጣል፤ ሸክላ ስንት ሲወፍር ሙቀት እንደሚያባክን፣ ስንት ሲሳሳ እሳት እንደሚሰነጥቀው ከማንም በላይ ያውቃሉ። የምጣድ ውፍረት ሲቀነስም ማገዶ ይድናል። ሆኖም ቆጣቢ ምድጃ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ለእነሱ ተፎካካሪ ሆኖ ነው የሚመጣው። የሥልጠናው ጥሪ የሚደርሰው ለተደራጁ ወጣቶች ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ ለመደራጀትም የሚቀበላት ጎረቤት ያስፈልጋታል።

በገበያ ቀን ሶዶ ላይ ሸክላ ተራ ብትቆሙ ገዢዎቹን ታያላችሁ። ምጣዱን ወይም ድስቱን በአንድ እጅ ከፍ አድርጋ፣ በሌላው እጇ ጣት አንጓ ታንኳኳውና ጆሮዋን ትሰጣለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ዋጋ ትጠይቃለች። ድምፁ ከደነዘዘ ምንም ሳትናገር መልሳ ታስቀምጠውና ወደሚቀጥለው ታልፋለች።